መኪናዎ ሙቀት ሲሠራ፦ ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት በግቢዎ የሚፈትሹት

ሙቀት የሚሠራ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘው ቫልቭ ማለት ነው። ተፈትቶም አይመለስም፤ «ለአገራችን አየር አያስፈልግም» ተብሎ ይጣላል። ሙቀቱ ለጊዜው ጋብ ይልና ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ጥፋተኛው ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ወይም የራዲያተሩ ክዳን ከነበረ ግን ችግሩ ዳገት ላይ ጠብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው? በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ ነው ወይስ ሲሮጥ? ጠዋት ከተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ወይስ ረጅም ዳገት ላይ? መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስልዎታል።

በቅድሚያ ጥንቃቄ

የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን ግን እስከ መጨረሻው ከፍተው ነፋሱን በኃይል ይልቀቁት። በላብ ይጠመቃሉ፤ ሞተሩ ግን ከሙቀቱ የተወሰነውን በዚያ በኩል ያወጣል። ከዚያ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

የራዲያተሩን ክዳን አይንኩ። ከሥሩ ያለው ውሃ ከመፍያው ነጥብ በላይ ግሎ ሳይፈላ የቆየው በግፊት ስለታፈነ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲላላ በቅጽበት ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ፤ የራዲያተሩ ላይኛ ቱቦ ቀዝቅዞ ሲጨበጥ ልል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈቱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊሰነጥቅ ይችላል።

በከተማችን በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ በአብዛኛው መርፌ የለውም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሰማያዊ መብራት፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ያሳያል። ቀዩ ከበራ ቤት እስክደርስ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያውኑ ይቁሙ። መርፌ ባለው መኪና ደግሞ በቀዝቃዛ ሞተር ቁልፉን እንደከፈቱ መርፌው ወደ ላይ ቢወረወር ችግሩ የሙቀት ሳይሆን የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው።

ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ

ይህ የቬንትሌተር ምልክት ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝለታል፤ ሲቆም ግን ሥራው የቬንትሌተሩ ብቻ ይሆናል። ሞተሩን አስነሥተው የአየር ማቀዝቀዣውን ይክፈቱ፤ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቬንትሌተር አብዛኛው መኪና ወዲያው ማዞር ይጀምራል። ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙን ይመልከቱ፤ ከዚያ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ዕቃ) በዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ያቀያይሩት። አሁንም ዝም ካለ ሶኬቱን ነቅለው የቬንትሌተሩን ሞተር በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ያገናኙት፦ ከዞረ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም መስመሩ ነው፣ ካልዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር ሞቷል። ቬንትሌተር የመኪናው ሞተር ጠፍቶም ድንገት ሊነሣ ስለሚችል ሶኬቱ ሳይነቀል ጣትዎን አያስገቡ።

እንደ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ባሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ ቬንትሌተሩ የሚዞረው በቺንጋ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲያዞሩት ጠንከር ማለት አለበት። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሽከረከር ከሆነ በመሀሉ ያለው ፈሳሽ ያለበት ክላች አልቋል።

ዳገትና ረጅም መንገድ ላይ የሚሞቅ

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ማርሹ ከባድ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው። ከተማ ውስጥ ራሱን ደብቆ የኖረ ደካማ ራዲያተር እዚያ ይጋለጣል።

ከውጭ ይጀምሩ። በብዙ መኪኖች ከራዲያተሩ ፊት ራዲያተር የሚመስለው የአየር ማቀዝቀዣው ኮንዴንሰር ተደርቦ ስለሚቆም አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት በሁለቱ መካከል ይከማቻሉ፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች አጮልቀው ይዩ። ሲያጥቡም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይሁን፤ የመኪና እጥበት ቤት ኃይለኛ ውሃ ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ከውስጥ የሚዘጋው ደግሞ በቧንቧ ውሃ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ራዲያተር ዝገትና ቅርፊት ይሞላበታል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የቬንትሌተሩን ሶኬት ነቅለው እጅዎን ወደ ራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ፤ በመሀሉ ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ውሃው በዚያ አያልፍም ማለት ነው። መፍትሔው እጥበት፣ ካልሆነ ቅያሬ ነው። ከዚያ በኋላ የአምራቹ መጽሐፍ የሚያዘውን ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይሙሉ። አዲስ አበባ ውሃ በረዶ አይሆንም ብለው አይተዉት፤ ኩላንት ዝገትም ይከላከላል።

ክዳኑ

በዚህ ከተማ ከሁሉ በላይ የሚናቀው ዕቃ ይህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በተከፈተ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል። ሞተር ግን በጤናው ከ90 ዲግሪ በላይ ሊሠራ ይችላል። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ደህና ሞተር እንኳ እዚህ ውሃውን ያፈላል፤ ናዝሬት ሲወርድ ግን ላይታይበት ይችላል።

ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት በባር (በግፊት መለኪያ) ግድም ነው። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የአዲስ አበባን ንጹሕ ውሃ ወደ 115 ዲግሪ ግድም ሳይፈላ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም የደደረ፣ ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ይቀይሩት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩ ቱቦ ተጨፍልቆ ከተገኘ በክዳኑ መሀል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች። አዲሱን በዚያው ቁጥር ይግዙ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

ቴርሞስታት

በቀዝቃዛ ሞተር አስነሥተው ላይኛውን ቱቦ በእጅዎ ይከታተሉ። በብዙ መኪኖች ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በፍጥነት ይሞቃል። መርፌው ከመደበኛው አልፎ ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ወይም የውሃ ፓምፑ አይገፋም። ማሞቂያውንም ይሞክሩት፤ ሞተሩ ግሎ ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ከወጣ ውሃው ጎድሏል ወይም አይዘዋወርም።

አውጥተው በድስት ውሃ የሚፈትሹት ከሆነ አንድ ነገር ያስታውሱ። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም። ስለዚህ በደንብ አልተከፈተም ብለው ጤነኛውን አይጣሉ።

ፈትቶ መተውን በተመለከተ፦ በብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን በቀጥታ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከሌለ ውሃው በአቋራጩ እየተመለሰ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይቀራል፤ ሙቀቱ ይብስበታል። በጠፍጣፋ መንገድ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ነዳጅ ይበላል።

ውሃ የሚያጎድል

የሚንጠባጠብበት ከታየ ቀላል ነው፤ ቱቦ፣ ማጠንከሪያ፣ ወይም ከፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ የኩላንት ምልክት ይፈልጉ። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጠፋ ግን ቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተው ያስነሡና ይመልከቱ፦ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ቱቦው ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከጭስ ማውጫው የማይበተንና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስም ምስክር ነው። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለ ጥቂት ወተት መሰል ነገር ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ከእርጥበት ብቻ ያመጣዋል።

ጋራዥ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ በቤንዚን መኪና ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። ቴስታታው ሲፈታ መጣመም አለመጣመሙ እርስዎ ባሉበት በቀጥ ያለ ብረት ይለካ፤ የተጣመመ ከሆነ ሳይላጭ አዲስ ጓርኒሲዮን አይጫንበት። ሲመለስም አየሩ መውጣት አለበት፦ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙረው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ ይሙሉ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የጎደለውን ይተኩ።