በጠጠር የተላጠ የመኪና ቀለም በቤት እንዴት ይጠገናል?

በአባይ በረሃ አልፈው ደጀን ከወጡ፣ ወይም የጎጃምን ጠጠር መንገዶች ከነዱ፣ ኮፈኑን ቀረብ ብለው ይዩት። ከፊት የነበረው የጭነት መኪና የፈናጠረው ጠጠር እዚህም እዚያም ቀለሙን ልጦት ይሆናል። ነጥቧ ከምስር ፍሬ ካልበለጠች ጋራዥ አታስኬድም። ግን ችላ አይበሏት። ላሜራው ከተጋለጠ የክረምቱ ውሃ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ከቀለሙ ሥር ወደ ጎን ይሰፋል። ዋናው ሥራ ይህን ማቆም ነው፤ ማማሩ ቀጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ የቀለሙን ኮድ ይፈልጉ። «ነጭ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ ነጭም ዓይነት አለው። ቶዮታ ከሆነ በሾፌሩ በር መቃን ወይም ሞተሩ አካባቢ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ይዩ። ኮዱ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ለምሳሌ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር ነው። መኪናው ከፋብሪካ በኋላ ሌላ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ግን ኮዱ አይረዳም። የነዳጅ ማስገቢያውን ክዳን ፈትተው ቀለም ወደሚበጠብጥ ሱቅ ይውሰዱት።

ሐምሌና ነሐሴን ይለፏቸው። በእርጥብ አየር የደረቀ ቀለም ጉም የመሰለ ነገር ይለብሳል። ከጥቅምት ወዲህ፣ ጤዛው ከተነሳ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ጥላ ሥር ይሥሩ። ኮፈኑ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ይቀዝቅዝ፤ ቀለሙ ከላይ ቶሎ ደርቆ አረፋ ይይዛል። ከሰል የተያያዘበት ማንደጃም አጠገብዎ አይኑር።

ቦታውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ቅባቱን ይጥረጉ። ቲነር አይጠቀሙ፤ ደህናውን ቀለም ሊያነሳው ይችላል።

ዝገት ካለ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ቆርጠው እርሳስ ጫፍ ላይ ይለጥፉና ነጥቧን ብቻ ይፈትጉ፣ ብረቱ እስኪያበራ። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ተመልሶ መነሳቱ አይቀርም። አቧራውን ጠርገው የታየው ብረት ላይ አንቲረስት ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) በስሱ ይቀቡ፤ ይድረቅ። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው) ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ ፕራይመሩ ግን ለፕላስቲክ የሚሆን መሆን አለበት።

አሁን ቀለሙ። የገዙትን የቀለም ጠርሙስ በደንብ ይነቅንቁ፤ በተለይ የሚያብለጨልጭ ቀለም ብናኙ ከታች ይዘቅጣል። ክዳኑ ላይ ያለው ብሩሽ ለዚህ ሥራ በጣም ወፍራም ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ነክረው መሃሏ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ራሱ ይዘረጋል። ሲደርቅ ስለሚሰምጥ አንድ ሰዓት ያህል እየጠበቁ ሁለት ሦስቴ ይድገሙ። በአንዴ ልሙላው ካሉ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። የመኪናው ቀለም ከላይ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ካለው፣ በመጨረሻ እሱን በዚያው መንገድ ያክሉ።

ከሳምንት በኋላ ጎላ ብሎ ከታየ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትና በሳሙና ውሃ ቀስ አድርገው ያስተካክሉት፣ ከዚያ በፖሊሽ ያብሱት። ነጭ መኪና ላይ እኔ ይህን እተወዋለሁ። ከሩቅ አይታይም፤ ዙሪያውን ያለውን ቫርኒሽ የመብላት አደጋው ደግሞ ይበልጣል።

አንዳንዱ ሰው የጥፍር ቀለም ይቀባል። ለጊዜው ውሃ ይከለክል ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ መልኩን ትለውጠዋለች። ነጥቧ የሳንቲም ያህል ከሰፋች፣ ወይም ዙሪያዋ በጣት ሲነካ የሚነሳ ከሆነ፣ ስቴኪኒውን ትተው ቀለም ቀቢ ይጥሩ።