የማይታተመው የኤኤፍፒ ፋይል

ከሜይንፍሬም (ከትልቁ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ካወረድኩት የወሩ የሂሳብ መግለጫ የኤኤፍፒ ፋይል፣ ማለትም ለህትመት የተዘጋጁ ገጾችን ከሚይዝ የፋይል ቅርጸት፣ አንድ ገጽ እንኳ አልታተመም። በጣም ስለገዘፈ ይሆናል ብዬ ስከፋፍለው ግማሽ ቀን አቃጠልኩ፤ ከንቱ ልፋት! በመጨረሻ በሄክስ ኤዲተር (ባይቶቹን በአስራ ስድስትዮሽ ቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም) ከፈትኩት። ኤኤፍፒ ውስጥ እያንዳንዱ መስክ (የፋይሉ አንድ የመረጃ ክፍል) በ5ኤ ይጀምራል፤ ከዚያ 2 ባይት ርዝመት፣ ቀጥሎ በዲ3 የሚጀምር 3 ባይት መለያ። የእኔ ግን በ21 ይጀምራል፤ ዲ3ም 4ሲ ሆኗል። ያኔ ገባኝ፦ 5ኤ በኢቢሲዲክ (ሜይንፍሬም ፊደላትን በቁጥር በሚወክልበት ኮድ) ቃለ አጋኖ ነው፣ 21 ደግሞ ያው ቃለ አጋኖ በአስኪ (በተራው ኮምፒውተር የፊደል ኮድ)። ኤፍቲፒው (የፋይል ማስተላለፊያው) በጽሑፍ ሞድ ስላወረደው ርዝመቱንም ምስሉንም እንደ ፊደል ቀይሮታል። የተበላሸውን ለመጠገን አልሞከርኩም። ስክሪፕቱ ላይ ፋይሉን ከሚያወርደው ትእዛዝ በፊት «ባይነሪ» (ባይቶቹን ሳትቀይር አውርድ) የሚል መስመር ጨምሬ እንደገና አወረድኩት። በባይነሪ የመዝገቦቹ ድንበር ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ፤ ርዝመቱ እያንዳንዱ መስክ ውስጥ አለ። ሁሉም ገጽ ወጣ።