ሆን ብሎ ወገኑን የሚገድል ተጫዋች ሲገጥማችሁ

በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በምትጫወቱት የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ፣ የገዛ ቡድናችሁ ተጫዋች ከኋላ ተኩሶ ገደላችሁ። የመጀመሪያው ስሜት በሚቀጥለው ራውንድ (ዙር) ብድር መመለስ ነው፤ ነገር ፈላጊው የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ጨዋታው ማን እንደጀመረ አያውቅም። የሚያውቀው ማን በማን ላይ ስንት ጉዳት እንዳደረሰ ብቻ ነው። ስለዚህ በእናንተ ስም የሚመዘገብ የወገን ጉዳት እንዳይኖር መጠንቀቅ፣ የእሱን ደግሞ ሰው አይቶ ሊፈርድበት በሚችል መልክ ማስቀመጥ ነው ሥራችሁ።

ስህተቱን ከተንኮሉ መለየት

ክስ ከማቅረባችሁ በፊት ስህተት እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁኑ። ጠባብ በር ላይ ሁለት ሰው ሲተኩስ አንዱ የሌላው ጥይት መንገድ ውስጥ ይገባል። የተወረወረ ቦምብ የበሩን ጠርዝ መትቶ ይመለሳል። ጭስ ውስጥ የሚሮጥ ጥላ ሁሉ ጠላት ይመስላል። እንደ ስኳድና ሄል ሌት ሉዝ ባሉ ጨዋታዎች የደንብ ልብስ ከሩቅ አይለይም፤ የመድፍ ምት ከተጠራ በኋላም ወገን ሳያውቅ ሥፍራው ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያጠፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው «ይቅርታ» ብሎ ይጽፋል፣ የወደቀን ማንሳት የሚቻልበት ጨዋታ ከሆነም ሊያነሳችሁ ይሮጣል።

ተንኮለኛው የሚታወቀው በዙሪያው ባለው ሁኔታ ነው። በአቅራቢያው ጠላት ነበረ? ግድያው የተፈጸመው ራውንዱ እንደተከፈተ፣ ሁሉም መነሻው ላይ ቆሞ ሳለ ነው? ከገደለ በኋላ መሣሪያችሁን አነሳ ወይስ የነበራችሁበትን ተሽከርካሪ ይዞ ሄደ? ከደቂቃ በፊት ስናይፐሩን (ከሩቅ የሚመታውን ጠመንጃ) ወይም ሄሊኮፕተሩን ማን ይያዝ በሚል ተጨቃጭቃችኋል? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገናኙ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

ከሁሉም የሚያሳምነው የጥይት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በካውንተር ስትራይክ 2 በተተካው በካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ የውድድር ቅንብር፣ ወገንን የመታ ጥይት ከመደበኛ ጉዳቱ 33 በመቶ ብቻ ያደርሳል። ኤኬ 47 ጠመንጃ፣ ጥይት መከላከያ ያልለበሰን ሰው ከቅርብ ደረቱን ሲመታ 36 ጉዳት አለው፤ ወገን ላይ ይህ ወደ 12 ገደማ ይወርዳል። 100 የጤና ነጥብ ያለውን ባልደረባ ደረቱን እየመቱ ለመግደል ከ8 በላይ ጥይት ያስፈልጋል ማለት ነው። የራስ ቁር የሌለው ጭንቅላት ሲመታ እንኳ በአንድ ጥይት 47 ገደማ ነው የሚያጣው። አንድ ሁለት ጥይት ሊያመልጥ ይችላል፤ ዘጠኝ ጥይት አንድ ሰው ላይ ተከታትሎ ሲያርፍ ግን «አመለጠኝ» የሚለው ቃል አይሠራም። ኤደብሊውፒ ስናይፐር ጭንቅላት ካገኘ በአንድ ጥይት ስለሚገድል እዚያ ላይ ስሌቱ አይረዳም። ቦምብም እንዲሁ፤ ወገን ላይ 85 በመቶ ጉዳቱን ይዞ ነው የሚፈነዳው። ተንኮለኞች ቦምብ የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዳቱ ብዙ፣ ሰበቡም ዝግጁ ነው። ሌሎች ጨዋታዎች የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ አዘውትራችሁ የምትጫወቱትን ጨዋታ ቁጥር ማወቅ ግን ጭቅጭቅ ያሳጥራል።

ሳይተኩስ የሚገድልም አለ። ከገደል አፋፍ ይገፋችኋል፣ ተሳፍራችሁ ሳለ መኪናውን ወደ ወንዝ ነድቶ ራሱ ዘሎ ይወርዳል፣ በር ላይ ቆሞ መውጫ ይከለክላችኋል፣ ልትተኩሱ ስትሉ ዓይናችሁ ላይ ፍላሽ (ለጊዜው የሚያሳውር ቦምብ) ይወረውራል። እንዲህ ያለው ሞት ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በራሳችሁ ስም ወይም ያለ ገዳይ ስለሆነ አውቶማቲክ ሥርዓቱ አይቆጥረውም። እዚህ ላይ ያላችሁ ማስረጃ ቪዲዮ ብቻ ነው።

በዚያው ቅጽበት የሚደረግ

መጀመሪያ ክሊፑን፣ ማለትም የሆነውን የሚያሳየውን አጭር ቪዲዮ፣ አስቀምጡ። መቅረጫው ከጨዋታው በፊት በርቶ ካልቆየ ግን ምንም አታገኙም፤ ከሞቱ በኋላ የጀመረ ቅጂ የሚያሳየው ሬሳችሁን ነው። ጌም ባር በተባለው የዊንዶውስ መቅረጫ «ያለፈውን መቅረጽ» የሚለውን ቅንብር ቀድማችሁ አብሩ፤ ከዚያ ዊንዶውስ፣ አልት እና ጂ ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ ያለፉትን 30 ሰከንዶች ያስቀምጣል። ሠላሳ ሰከንድ ግን ያንሳል፤ ጭቅጭቁም፣ መከተሉም፣ ግድያውም አይገባበትም። ወደ 2 ደቂቃ ከፍ አድርጉት። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላላችሁ ኢንስታንት ሪፕሌይ የተባለውን መቅረጫ አብርታችሁ አልት እና ኤፍ10 መጫን በቂ ነው። በኦቢኤስ የቀረጻ ፕሮግራም፣ ሪፕሌይ በፈር የሚባለው ያለፈውን መቅረጫ ሲጫን የሚመጣበት ርዝመት 20 ሰከንድ ነው፤ ወደ 120 ቀይሩት። በ6000 ኪሎቢት ጥራት 120 ሰከንድ 90 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው፤ ኮምፒውተሩን አያስጨንቅም። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የክሪኤት ቁልፉን ተጭናችሁ የቅርብ ጊዜውን ጨዋታ አስቀምጡ፤ እስከ 60 ደቂቃ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

የድምፅ ንግግሩም አብሮ መቀዳቱን አንድ ቀን በሙከራ አረጋግጡ። ተንኮለኛው «ስናይፐሩን ካልሰጠኸኝ እገድልሃለሁ» ብሎ ከተናገረ፣ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ክሊፕ ይበልጣል።

ቀጥሎ በጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ፦ «ለምን መታኸኝ? እዚህ ጠላት አልነበረም።» ይህ ለእሱ ይቅርታ የሚጠይቅበት ዕድል ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ነገሩን በዚያው ሰዓት እንደተቃወማችሁ የሚያሳይ መዝገብ። ስድብ አትጨምሩ፤ ሪፖርቱን የሚያይ ሰው የእናንተንም ጽሑፍ ያያል። ከዚያ ሚውት አድርጉት፣ ድምፁና ጽሑፉ እንዳይደርሳችሁ ዝጉት። የእነዚህ ሰዎች ምግብ ቁጣ ነው፤ ድምፅ ሲያጡ ብዙዎቹ ይሰለቻሉ።

የማባረር ድምፅ መስጫ ካለ፣ የምትጠይቁበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ውጊያ መሃል የተከፈተ ድምፅ መስጫ ማንም ሳያነበው ጊዜው ያልፋል። ራውንዱ ሲያልቅ፣ መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ ክፈቱት፤ ምክንያቱንም በአጭሩ ጻፉ፦ «ቁጥር 3 መነሻው ላይ ሁለታችንን ገድሏል፣ ክሊፕ አለኝ።» አንድ ነገር ግን አስቡ፤ አምስት ሰው ባለበት ቡድን ሦስቱ አብረው የገቡ ጓደኛሞች ከሆኑ ብዙኃኑ እነሱ ናቸው። ተንኮለኛው ከሦስቱ አንዱ ከሆነ የሚባረረው ጠያቂው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ድምፅ መስጫውን ተዉትና በሪፖርት ላይ አተኩሩ።

ተነስቶ መውጣትስ? ደረጃ በሚያዝበት ጨዋታ ያለጊዜው የወጣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል ወይም ነጥብ ያጣል፤ ተንኮለኛው ግን ይቀራል። በተራ ጨዋታ ከሆነ ውጡ፣ ምንም አያስቆጭም።

ሊያስተኩሳችሁ የሚፈልገው

ከገዳዩ የባሰ አንድ ዓይነት አለ፤ መሞት የሚፈልግ። ስትተኩሱ ፊታችሁ ላይ ዘሎ ይገባል፣ ያቀጣጠላችሁት እሳት ውስጥ ይቆማል፣ ቦምብ ወደወረወራችሁበት ይሮጣል። ዓላማው የእናንተን የወገን ጉዳት ቆጣሪ ሞልቶ በአውቶማቲክ ማስባረር ነው። ክፋቱ ተመዝግቦ የሚቀረው ጥፋት የእናንተ መሆኑ ነው።

መከላከያው አቋቋም ነው። ከሰው በስተጀርባ ሆናችሁ አትተኩሱ፣ ወደ ጎን ሂዱ። በሰው ራስ ላይ ቦምብ አትወርውሩ፤ ከመወርወራችሁ በፊት በማይክ ተናገሩ፣ ቅጂው ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከገባባችሁ ለቀሪው ጨዋታ ከእሱ በተለየ አቅጣጫ ተንቀሳቀሱ። ጓደኛችሁ ተናዶ ሊመልስለት ሲል ያዙት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሪፖርቱ እንዴት ይጻፍ

በጨዋታው ውስጥ ያለውን የሪፖርት ቁልፍ ተጠቀሙ፤ የነጥብ ሰሌዳውን ከፍታችሁ ስሙን ስትመርጡ ይመጣል። ትክክለኛውን ምድብ ምረጡ። ወገን የገደለን ሰው «አጭበርባሪ» ብሎ መክሰስ ጉዳዩን ወደማይመለከተው ሳጥን ይልከዋል።

ሰርቨሩ (ጨዋታው የሚካሄድበት ኮምፒውተር) በተጫዋቾች የሚተዳደር ከሆነ ዳኛው አድሚኑ፣ ማለትም አስተዳዳሪው ነው። ለአድሚን የሚላክ ጽሑፍ አጭር ይሁን፦ የተጫዋቹ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ከሰዓት ቀጠና ጋር፣ የካርታው ስም፣ የሆነው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ክሊፑ። ስም ብቻ አይበቃም፤ ስቲም በተባለው የጨዋታ መድረክ ላይ ስም በሰከንድ ይቀየራል። የማይቀየረው በ7656119 የሚጀምረው ባለ 17 አሃዝ መለያ ነው፤ ከፕሮፋይሉ ላይ ቅዱት። ክሊፑን ስትቆርጡ ከግድያው በፊት ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ በኋላ 10 ሰከንድ ተዉለት። ግድያዋን ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ የ4 ሰከንድ ክሊፕ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው።

የጨዋታውን ሙሉ ቅጂ ማውረድ የሚቻል ከሆነ፣ በካውንተር ስትራይክ እንደሚቻለው፣ ከተኳሹ ዓይን እዩት። አነጣጥሮ ቆይቶ ነው የተኮሰው ወይስ ድንገት ዞሮ? እጅ ከፍንጅ የሚይዘው ይህ እይታ ነው። አንዳንዴም ስህተት እንደነበረ ያሳያችሁና ሪፖርቱን ትተዋላችሁ።

ጨዋታዎቹ የሞከሩት መፍትሔ

ቫሎራንት ጥይት ወገን እንዳይጎዳ አድርጎ ነገሩን ከሥሩ ቆርጦታል፤ አንዳንድ ችሎታዎች ግን አሁንም ወገንን ያቆስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አሜሪካስ አርሚ የተባለ ጨዋታ ወገኑን ደጋግሞ የመታን ተጫዋች ፎርት ሌቨንዎርዝ በተባለው ወህኒ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስቀምጠው ነበር። ቀልድ የሚመስል ግን መልእክቱ የደረሰ ቅጣት ነው።

ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ያመጣው መንገድ ይበልጥ ብልህ ነው። ወገን ሲገድላችሁ ሆን ብሎ ነው ወይስ በስህተት ብሎ ጨዋታው ሟቹን ይጠይቃል። ሆን ብሎ ነው ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ወገን ላይ የሚተኩሰው ጉዳት ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህን ቁልፍ በንዴት አትጫኑት። በስህተት የገደላችሁን ደህና ተጫዋች በዚህ ካሰራችሁት፣ በቀጣዩ ራውንድ በር ላይ ስትጋፉ ቀድሞ የሚሞተው ራሱ ነው፤ ቡድናችሁም አንድ ሰው ይጎድለዋል።

ሰርቨር ለምታስተዳድሩ

ጉዳት የሚመልሰውን ቅንብር ለሁሉም፣ ሁልጊዜ ማብራት ቀላል ይመስላል። የኮል ኦፍ ዱቲ የግል ጨዋታም ይህን ምርጫ ይሰጣል። ችግሩ መሞት የሚፈልገው ተንኮለኛ ያኔ ሌላ መሣሪያ ማግኘቱ ነው፤ መትረየስ በሚተኩስ ሰው ፊት ይዘላል፣ ተኳሹ ራሱን ይገድላል። ሁለት ዓይነት ቅንብር መደባለቅ ይሻላል፤ በመነሻ ቦታ ጥብቅ፣ ከዚያ ወጥቶ ታጋሽ።

ግሎባል ኦፌንሲቭ ሰርቨር ሲጫን የሚመጣው ቅንብር ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ድምር የወገን ጉዳቱ 200 የደረሰ ማስጠንቀቂያ ያገኛል፣ 300 የደረሰ ይባረራል። በራውንዱ የመጀመሪያ 5 ሰከንዶች ግን 50 ጉዳት ብቻ ያስባርራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ መነሻ ቦታ ላይ ጠላት ስለሌለ ስህተት የሚሆንበት ምክንያት ጠባብ ነው። የወገን ጉዳትን ወደ 100 በመቶ ከፍ ካደረጋችሁ 300 ማለት ሦስት ሙሉ ግድያ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ረጅም ጨዋታ ላይ ንጹሕ ሰውም ሊደርስበት ይችላል።

አቤቱታ ሲመጣ የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ የሚመዘግበውን ፋይል፣ ክፈቱ። የግድያ መስመር የሁለቱንም መለያ፣ ቡድን፣ መሣሪያ፣ የቆሙበትን ቦታ ቁጥርና ጭንቅላት መመታቱን ይይዛል። የገዳይና የሟች ቡድን አንድ የሆነበትን መስመር ፈልጉ፣ ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ሟቹ ቀድሞ መትቶ ታገኙታላችሁ። የተገደለው አድሚን ራሱ ዳኛ አይሁን፣ ሌላው ይፍረድ። የቅጣት መሰላል አስቀምጡ፦ ማስጠንቀቂያ፣ ማባረር፣ የ1 ቀን እገዳ፣ የ7 ቀን፣ ከዚያ ለዘለቄታው። ገና በገባ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መነሻው ላይ ሦስት ሰው የጣለ አዲስ አካውንት ግን መሰላል አያስፈልገውም። በእገዳው ላይ ምክንያቱንና ቀኑን ጻፉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሰውየው ሲጠይቅ ማንም አያስታውስም።

ያለ ጥፋታችሁ ከተባረራችሁ

አቤቱታችሁ ውስጥ ስለ ሌላው ሰው ባሕርይ አትጻፉ። እያንዳንዱን የወገን ግድያ በተራ ዘርዝሩ፦ የትኛው ራውንድ፣ በምን መሣሪያ፣ ጠላት የት ነበረ፣ ይቅርታ ጠይቃችኋል ወይስ አልጠየቃችሁም። በእርግጥ ያጠፋችሁት አንዱ ካለ እሱን ቀድማችሁ እመኑ። ሎጉ በአድሚኑ እጅ ስለሆነ የደበቃችሁትን ያየዋል፣ ካየው በኋላ ደግሞ የቀረውን አያነብላችሁም።