ትንሽ ሰፊ ባንድ አንቴና ስትነድፉ ግራውንዱን አትርሱት

በሰርኪት ቦርድ ላይ የሚታተም ሞኖፖል (ባለ አንድ ክንድ) አንቴና የምትሠሩ ከሆነ፣ ሲሙሌሽኑ ስላማረ ብቻ አትመኑት። የግራውንዱን (በቦርዱ ላይ የአንቴናው ሌላ ግማሽ የሆነውን የመዳብ ገጽ) ርዝመት ቀይሩና እንደገና አስኬዱት። ባንዱ (አንቴናው የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ከተናጋ ግራውንዱ ራሱ እያሰራጨ ነው ማለት ነው።

ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ጉዳዩ ይብሳል። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሩቡ ብቻ ከ8 ሴንቲሜትር ያልፋል። ቦርዱ ከዚህ ካነሰ፣ ስትለኩ ከረንቱ በኬብሉ የውጭ ሽፋን ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ያኔ ኬብሉም የአንቴናው አካል ሆነ። ለማጣራት ቀላል ነው፦ ኬብሉን በእጃችሁ ያዝ አድርጉና አንቀሳቅሱት። የኤስ 11 (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው ልኬት) መስመር አብሮ ከተወዛወዘ የለካችሁት አንቴናውን ብቻ አይደለም። ከአንቴናው አጠገብ ኬብሉ ላይ ፌራይት (በሽፋኑ ላይ የሚፈሰውን ከረንት የሚገታ ማግኔታዊ ቀለበት) ማድረግ ይረዳል፤ ለምትሠሩበት ፍሪኩዌንሲ የሚሆነውን ምረጡ።

ደግሞ ኤስ 11 ከ-10 ዲሲቤል በታች ወረደ ማለት አንቴናው በደንብ ያሰራጫል ማለት አይደለም። የ50 ኦም ሬዚስተርም እኮ ኤስ 11 ያምራል፤ ኃይሉን ግን ሙቀት ያደርገዋል። ኤፍአር 4ን (የተለመደውን የፋይበርግላስ ቦርድ) የመሰለ ኃይል የሚበላ ቦርድም ባንዱን ከእውነተኛው በላይ ሰፊ ሊያስመስለው ይችላል። በየፍሪኩዌንሲው ኤፊሸንሲውን (ከገባው ኃይል ምን ያህሉ እንደተሰራጨ) ሳታዩ ቦርዱን አታሳትሙ።