የአንጋፋ አዝማሪን ኮንሰርት በሦስት ስልክ እንዴት እንቀርጻለን?

ደብረ ብርሃን ውስጥ መጀመሪያ የቀረጽኩት የመሰንቆ ምሽት ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ሳል ነው። ካሜራዬ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ብርዱ አስነስቶባቸው ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሲስሉ አመሹ። ምስሉ ግሩም ነበር። ከሁለት ዘፈን በላይ ታግሶ ያየው ሰው ግን የለም፣ እኔን ጨምሮ።

ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ ቪዲዮ ቢሆንም ግማሹ ስለ ድምፅ ነው። ሦስት ስልክ፣ ሦስት ስታንድ፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ የድምፅ መቅጃ እና ሁለት ታዛዥ ጓደኛ ካላችሁ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ካሜራ ሳትይዙ ሂዱ

መንዝም ሆነ አንኮበር፣ መሰንቆ ይዘው ያረጁ አባት ካሉ ቤታቸው ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ጋሼ ስንት ሰዓት ያህል መጫወት እንደሚችሉ፣ ቆመው ነው ተቀምጠው የሚመቻቸው፣ በምን እንደሚከፍቱ ጠይቁ። የዘፈኖቹን ዝርዝር በወረቀት ስጡኝ አትበሉ። አዝማሪ የሚዘፍነውን የሚመርጠው የተቀመጠውን ሰው አይቶ ነው። ክራር አብሮ የሚመታ ካለ ግን ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ቅኝት መቼ እንደሚዞሩ እወቁ። ክራሩ እስኪቃኝ ያለችው ክፍተት ባትሪ መቀየሪያችሁ ናት።

ፈቃድም እዚያው ይጠየቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፈን ደራሲው ብቻ ሳይሆን መድረክ ላይ ለሚጫወተውም መብት ይሰጣል። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ፊልሙ የት እንደሚታይ፣ ገንዘብ ቢያመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ልጃቸው ወይም የሚያምኑት ሰው ባለበት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ኧረ እኛ ተማምነን» ቢሉም ይጻፍ።

ብርዱን አትናቁት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በብርድ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከጋቢ ስር፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ይቀመጥ።

መሰንቆም ይበርደዋል። ፊቱ የተወጠረ ቆዳ፣ ክሩና የደጋኑ ክር የፈረስ ጭራ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይወጠራል። ጋሼ ከውጭ ገብተው ወዲያው በመድረክ መብራት ስር ቢቀመጡ ሁለተኛው ዘፈን ላይ መቃኘት ይጀምራሉ። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይግቡ፣ መሰንቆው አዳራሹን ይልመድ። ይህን ጊዜም ቅረጹት። ደጋኑን ሙጫ ሲቀቡ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ክሩን ሲሞክሩ የሚታየው ነገር በኋላ ለፊልሙ መክፈቻ ይሆናል።

ድምፅ

የስልኩን ማይክ እርሱት። እሱ የሚያገለግለው በኋላ ምስልና ድምፅ ለማገናኘት ብቻ ነው።

አንድ ማይክ ለድምፃቸው፣ አንድ ለመሰንቆው አቁሙ። የመሰንቆው ማይክ ከቆዳው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ደጋኑ ከሚመላለስበትም ዘወር ይበል። በጣም ካስጠጋችሁት የሚቀዳው የጭራው መፋተግ ነው። ሁለቱም ወደ ሚክሰሩ (ድምፆችን ወደሚቀላቅለው መሣሪያ) ይግቡ፣ ከሚክሰሩ መውጫ ደግሞ ገመድ ወደ መቅጃችሁ ይሂድ። መቅጃው ላይ «ላይን» (LINE) የሚለውን መግቢያ ምረጡ። «ማይክ» (MIC) በሚለው ላይ ከተዋችሁት ድምፁ ተሰባብሮ ይገባል፣ ማስተካከያም የለውም።

ጋሼ በጣም ጮክ ብለው ሲዘፍኑ መለኪያው ከ-12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ አድርጉ። ሞቅ ሲላቸው ከሙከራው በላይ ይጮኻሉና ክፍት ቦታ ተዉላቸው።

አንድ ትርፍ ስልክ ካላችሁ ድምፅ ብቻ እንዲቀዳ አድርጋችሁ ሕዝቡ መሀል አስቀምጡት። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር በሚክሰሩ ገመድ በኩል አይሰማም። ጋሼ ግጥሙን ተቀብለው ሲመልሱ ብቻ ከተሰማ ደግሞ ጨዋታው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። (ከሚያስል ሰው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።)

መብራት ቢጠፋስ? ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ ርቆ ይቁም። መቅጃው ግን በባትሪ ይሥራ። እኔ አንዴ በሶኬት ሰክቼው መብራት ሲሄድ እስከዚያ የተቀዳው ሁሉ አብሮ ሄዷል።

ካሜራዎቹ

ሦስቱንም ስልክ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ መዝጊያውን (ሸተሩን) በ1/50 ሰከንድ አስተካክሉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም ከቀረጻችሁ አምፖሉ በምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። የስልኩ ካሜራ ይህን ምርጫ ከሌለው የሚፈቅድ መተግበሪያ ጫኑ። የብርሃንና የትኩረት ማስተካከያውን ቆልፉ፣ አለዚያ ነጭ ኩታ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል። ከሁሉ በላይ ስልኮቹን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። በዘፈን መሀል ስልክ ተደውሎ ቀረጻ የተቋረጠበት ሰው የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ይህን እየጻፈላችሁ ነው።

አንደኛው ካሜራ ከፊት ለፊት ሙሉ መድረኩን ይያዝ። ከመጀመሪያው ጭብጨባ እስከ መጨረሻው አይነካም፣ አይቆምም። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ዘ ባንድ የተባለው የፎክ ሮክ ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ማርቲን ስኮርሴዚ ብዙ ካሜራ ደርድሮ ቀርጾታል። የብሉዝ አንጋፋው መዲ ዋተርስ መድረክ ሲወጣ ግን እየሠራ የነበረው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። ካሜራማኑ ላዝሎ ኮቫች የዳይሬክተሩ ትእዛዝ ሰልችቶት ማዳመጫውን አውልቆ ስለነበር «አቁሙ» ሲባል አልሰማም ይባላል። እንዲህ ያለ ዕድል እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አንዱ ካሜራ መቅረጹን እንዳያቋርጥ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ሁለተኛው ከጎን፣ ፊትና እጅ። አዝማሪ ወርቁን ከመልቀቁ በፊት ዓይኑ ላይ የምትታይ ነገር አለች። ታዳሚው የሚስቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ካሜራ የሚይዘው ሰው አማርኛው ጠንካራ ይሁን፤ ግጥሙ የት እንደሚያርፍ የሚገምት ሰው ከጥሩ ካሜራ ይበልጣል።

ሦስተኛው ወደ ሕዝቡ። የሸዋ እስክስታ፣ የሚሸልም እጅ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱ እናት።

በሙሉ ኤችዲ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ተኩል እያንዳንዱ ስልክ ላይ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር።

ሁሉም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ አንዴ ጮክ አድርጎ ያጨብጭብ።

ኤዲቲንግ

መጀመሪያ የመቅጃውን ድምፅ ዘርጉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቪዲዮ በዚያች ጭብጨባ አገናኙ። ሩቅ የቆመ ካሜራ ድምፁን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። በ34 ሜትር ርቀት አንድ አስረኛ ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ፍሬም ተኩል ይዘገያል። ስለዚህ ሩቁን ካሜራ በሚታየው እጅ እንጂ በሚሰማው ድምፅ አታስተካክሉ። ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸው ወጣ ገባ ይላልና ዘፈኑ መጨረሻ ላይም ደጋኑና ድምፁ መግጠማቸውን እዩ።

ምስል የምትቀይሩት ስንኝ ሲያልቅ ወይም ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር ይሁን። ጥሩ ነገር እየታየ ከሆነ አትቁረጡ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ፊታቸው ላይ መቆየት ይቻላል።

አሁን ልለምናችሁ። ኢኮ አታብዙ። የሰርግ ቪዲዮ አይደለምና ልብና አበባ እየተሽከረከረ ምስል አይቀይር። ድምፅ የሚያቃና ሶፍትዌርም አትንኩ። እነዚህ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በፒያኖ ቃና ስለሆነ የጋሼን አንቺሆዬ ስህተት ነው ብለው «ያርሙታል»።

ፊልሙን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ለጋሼ አሳዩዋቸው። በሞቅታ በስም የተወጉ ጎረቤት ሊኖሩ ይችላሉ፤ «ይህቺን አውጣልኝ» ካሉ ይውጣላቸው። ኮፒውን በፍላሽ ስጡ። ፍላሹ በእነሱ ቤት ቴሌቪዥን ላይ መከፈቱን እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ። ካልተከፈተ ቪዲዮውን በኤምፒ4 ቀይራችሁ ተመለሱ፣ ቡናው እንደሆነ አይቀርም።