«ቤል አሚ»ን ስታነቡ እዚህ ጋ አትሳቱ

የፈረንሳዊውን ደራሲ የሞፓሳንን ልብ ወለድ «ቤል አሚ» (እ.ኤ.አ. 1885) ከወጣቶች ጋር ሳነብ በየዙሩ አንድ ልጅ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ዱሯ ግን ጎበዝ ነው፤ ከምንም ተነስቶ እዚያ ደረሰ!»

ኧረ በናታችሁ! ምኑ ነው ጎበዝ? ዋናው ገጸ ባሕርይ ዱሯ ከአልጄሪያ የተመለሰ ወታደር ነው። ፎሬስቲዬ የሚባል የድሮ ጓደኛው ፓሪስ መንገድ ላይ አግኝቶት ጋዜጣ ቤት አስገባው። ስለ አልጄሪያ ጻፍ ሲባል ርዕሱን ጽፎ ደረቀ። በማግስቱ የጓደኛው ሚስት ማድሌን ሲጋራዋን እያጨሰች አንድ በአንድ አስጻፈችው፣ ጽሑፉም በእሱ ስም ወጣ። ተከታዩን ብቻውን ሲሞክር መለሱበት። ፎሬስቲዬ ሲሞት ማድሌንን አገባት፤ አሁን ደግሞ ጽሑፉ ቁርጥ የሟቹን ስለሆነ ባልደረቦቹ «ፎሬስቲዬ» እያሉ ያበሽቁት ጀመር። ገባችሁ? ሁለቱም ባሎች ብዕር ናቸው፣ የምትጽፈው እሷ ናት። የፈረንሳይ ሴት የመምረጥ መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ማድሌን ፖለቲካ ውስጥ የምትገባው በባል ስም ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ሒሳብ አትዝለሉ። ኪሱ ውስጥ ያለው 3 ፍራንክ ከ40 ሳንቲም ነው፣ ወሩን መጨረስ አለበት፣ ምሳ ከበላ እራት የለም።

የሞሮኮን ነገርም አትዝለሉ። እኔ በመጀመሪያው ንባቤ ዘልዬዋለሁ፣ ከዚያ የጋዜጣው ባለቤት ዋልተር ሚሊዮኖቹን ከየት እንዳመጣ ግራ ገባኝ። ሚኒስትሮቹ ጦር አንልክም እያሉ በጓዳ የሞሮኮን የዕዳ ሰነድ በርካሽ ይገዛሉ፤ ጦሩ ሲዘምት ዋጋው ይተኮሳል። መጽሐፉ ሲወጣ ፈረንሳይ ቱኒዚያን ከያዘች ገና 4 ዓመቷ ነበር፣ የዘመኑ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። ዱሯ ግን ለእነሱ እየጻፈ ምንም አያውቅም። ምስጢሩን የነገረችው የዋልተር ሚስት ናት። አሁንም ሴት!

ዱሯን «ቀይና ጥቁር» በሚባለው የስታንዳል ልብ ወለድ ውስጥ ካለው ዡልየን ሶሬል ጋር አታምታቱት፤ ያኛው አንገቱ ተቀልቷል።

ትልቁ ስህተት ደግሞ ዱሯ መጨረሻ ላይ ይቀጣል ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ ራሴ መጨረሻ ላይ ደርሼ መጽሐፌ የተቀደደ መስሎኝ ጀርባውን አገላብጫለሁ። ማድሌንን ከሚኒስትር ጋር ስትማግጥ አስይዞ ፈትቷል፣ የዋልተርን ልጅ ሱዛንን አግብቷል። ሰርጉ ላይ የሚባርኩት ማን እንደሆኑ ልብ በሉ፦ አዲሱ የታንጀር ጳጳስ፣ የዚያችው የሞሮኮ ከተማ! ቤተ ክርስቲያኑም ስሙ ማድሌን ነው። ዱሯ ሙሽራዋን ይዞ ደጃፉ ላይ ወጣ፣ ሕዝቡን አየ፣ ቀና ብሎ ፓርላማውን አየ። ሐሳቡ ግን የድሮ ውሽማው ክሎቲልድ ጋ ነው፤ ከአልጋ ተነስታ መስታወት ፊት የተበታተነ ፀጉሯን ስታስተካክል።