ቤት ውስጥ የሚማር ታዳጊ የራሱን ቢዝነስ ሲጀምር እንዴት እናግዘው?

መጀመሪያ ሕጉን አጣሩ። ቤት ውስጥ ማስተማር እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች በመርህ ደረጃ ክልክል ነው፤ ሌላው ጋ ምዝገባ ወይም ፈተና ይጠይቃል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚፈርመው ውል ደግሞ በብዙ አገር ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይግባበት።

ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ሥራ። ትእዛዝ በዛ ተብሎ ትምህርት አይታጠፍም።

ሥራውን ራሱ ይምረጥ። ያለ ብድር፣ በትንሹ ይጀምር።

አስቸጋሪው ዋጋ መተመን ነው። ታዳጊዎች አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ መግዣውን ብቻ ቆጥረው ዋጋ ይቆርጣሉ። ልጃችሁ ቲሸርት ላይ ያትማል እንበል። ባዶው ቲሸርት፣ ቀለሙ፣ ማሸጊያውና ማድረሻው ተደምሮ አንዱ 30 ይፈጃል፤ በ50 ይሸጠዋል። 20 ያተረፈ ይመስለዋል። ማተሚያው ግን 1200 ወጥቶበታል። 1200ን ለ20 ሲያካፍል 60 ይመጣል። 60 ቲሸርት እስኪሸጥ ትርፍ የለም።

ይህን ስሌት እናንተ አትሥሩለት። እርሳሱን እሱ ይያዝ። ከዚያ «ዋጋውን 45 ብታደርገውስ?» በሉት። 60 የነበረው 80 ሲሆንበት ቅናሽ ምን እንደሚያስከፍል ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። የራሱንም ሰዓት ይቁጠር። አንዱ ቲሸርት 40 ደቂቃ ከፈጀ፣ ያቺ 20 በሰዓት 30 ማለት ናት፤ እሷም የማተሚያው ወጪ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህ ከየትኛውም የመልመጃ ገጽ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት ነው ባይ ነኝ።

ለመዝገብ አፕ አትግዙለት። አፑ ራሱ ስለሚደምር ልጁ ስህተቱን አይፈልግም። ባለ መስመር ደብተር ላይ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ብሎ ይጻፍ። ሲለምደው ወደ ድርብ መዝገብ ይለፍ፤ ይህም እያንዳንዱን ሒሳብ ከየት እንደወጣና የት እንደገባ ሁለት ቦታ መጻፍ ነው። ዘዴውን ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ አስተዋውቆታል፤ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። የታሪክ ትምህርትም በዚያው ይገኝበታል።

አንድ ነገር አደራ፦ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ እንዳይገዛለት። ገበያ ያለ መስሎት ያለውን ሁሉ ዕቃ ላይ ያፈሰሰ ልጅ አውቃለሁ። ዘመዶቹ አንድ አንድ ከገዙ በኋላ ሌላ ገዢ አልመጣም፤ ካርቶኑ አልጋው ሥር ቀረ። የመጀመሪያ ደንበኞቹ የማያውቁት ሰዎች ይሁኑ።

ለደንበኛ ቅሬታ የሚጽፈውን መልስ እንደ ድርሰት አርሙለት። ደብተሮቹንም አትጣሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ምን ሲማር እንደቆየ ማሳያ ይሆኑታል።